ምስክር ቀዳዳ

ኖራው ከሰው ይልቅ ታንከር ይወዳል ይባላል። ሐሰት ነው፤ ታንከርም አይወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ጠላት ሲያያቸው ነው የኖረው። ጠዋት ወደ ነዳጅ ዲፖው ሲገባ በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ሰላም ሳይል ያልፍና፣ አምስቱን ታንከሮች በተራ እየዞረ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርጋቸዋል፤ ፍቅር ግን የለበትም፣ መርማሪ እስረኛውን እንደሚነካው ነው።

ስሙን ያወጡለት የቦቴ ሾፌሮች ናቸው። ታንከር አፈሰሰ ሲባል ኖራ በውሃ ይበጠብጥና የብየዳውን ስፌት ከላይ እስከ ታች በብሩሽ ነጭ ይቀባዋል። ኖራው ከደረቀ በኋላ ናፍጣው በፀጉር ቀጭን ስንጥቅ እንኳ ቢወጣ፣ ነጩ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ሥራው ይኸው ነው፤ ቀብቶ መቀመጥና መጠርጠር። እጁ እስከ ክርኑ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል፤ ቢታጠብም አይለቅም።

መፍሰሱን ማግኘት ብቻ ሳይሆን እንዳይፈስ መከላከልም የሱ ሥራ ነው፤ እሱ ሲከላከል ደግሞ ስድብ አይቀርም። በታንከር እግር ሥር ሣር በቅሎ ካየ ያገኘውን ሰው ይጮህበታል። «ሣር ውሃ ይይዛል፣ ውሃ ዝገት ይወልዳል፣ ዝገት ቀዳዳ ይወልዳል! የልጅ ልጅ ሳታዩ ንቀሉልኝ!» ይላል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ለማሳመር ብሎ በታንከሮቹ እግር ዙሪያ ሲሚንቶ ያስፈሰሰ ጊዜ፣ «እግሩን ሸፍነው ጫማውን የሚያሳምሩ!» ብሎ ለአንድ ወር አላነጋገረውም።

ዘበኛው ደግሞ የእናትና የአባቱ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ ዘበኛው ረጅም፣ ለፍላፊ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስል፤ ኖራው አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር እንደሚነክስ። ድሮ «ጋሼ» ነበር የሚለው። አሁን ማንሳት የግድ ሲሆንበት «ዘበኛው» ይለዋል።

ጠባቸው የጀመረው እናታቸው የሞተች ዕለት ነው። ኖራው አራት ቁጥር ታንከር ውስጥ ገብቶ ሲበይድ፣ ታናሽ እህታቸው እየሮጠች በሩ ላይ ደረሰች። «እማዬ ጣር ላይ ናት፣ እሱን እየጠራች ነው» አለች። ታንከር ውስጥ ሰው ሲበይድ አይጮህበትም፣ ከደነገጠ ይቃጠላል ብሎ ለዘበኛው ሃያ ጊዜ የነገረው ኖራው ራሱ ነበር። ዘበኛውም እስኪወጣ ጠበቀ። ኖራው የወጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እናቱ አልጠበቀችውም።

«ያንተኑ ሕግ ነው ያከበርኩት» አለው ዘበኛው።

«ሕጉን ያወጣሁት ለታንከር ነው፤ ለእናቴ አይደለም» አለው ኖራው።

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ኖራው ቀብር ላይ አላለቀሰም። ሰዉ አይቶታል፣ ዘበኛውም አይቶታል።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ቁጥር ታንከር ከመውጫ ቧንቧው ሥር ተበሳ። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ታጠበ። ኖራው ገብቶ የተበሳውን በውስጥ በኩል በየደው፤ ከውጭ ደግሞ የትሪ ስፋት ያለው መጣፊያ ላሜራ ደረበበትና ዙሪያውን ሰፋው። መጣፊያው ላይ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተወ። ይህን ያስተማረው ሥራውን ያሳየው ሽማግሌ በያጅ ነው። «ይህቺ ምስክር ቀዳዳ ትባላለች። ውስጡን የበየድከው ቦታ እንደገና ከከዳህ ናፍጣው መጣፊያው ጀርባ ይገባና በዚህች ይወጣል። አንዲት ጠብታ ካየህ ታንከሩን አስገልብጠህ እንደገና ግባ። ታንከር አይዋሽም፤ ምላሱን ካልቆረጥክበት» ብሎት ነበር።

ታንከሩ በተሞላ በሳምንቱ ምስክር ቀዳዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ታየች። መጀመሪያ ያያት ዘበኛው ነበር። አምስት ሾፌሮች ፊት ጣቱን ቀስሮ፣ «ኑ እዩ ጉድ! እናቱ ስትሞት ያላለቀሰ ሰው፣ የጠገነው ታንከር ግን ያለቅሳል!» አለ። ሾፌሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ኖራው ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲበተን ለስላሳ የእርሳስ ብረት ቁራጭ አመጣ፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ከትቶ በመዶሻ ቀጠቀጠው፤ ላዩን አሹቶ ቀለም ቀባው። ከታጠበበት የቀረ ጠብታ ነው አለ ለራሱ። ለራሱም ሁለተኛ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶው ፈሰሰ፤ የመጣፊያው የታችኛው ስፌት ከሲሚንቶው ሥር ቀረ። ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ፣ ሦስት ቁጥር ላይ የመለኪያው ዘንግ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጣት እያጎደለ ያሳይ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ፣ በዕድሜ የኖራው ልጅ ሊሆን የሚችል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚናገር ሰው፣ ኖራውን ጠራው።

«ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ቁርጡን ንገረኝ።»

ኖራው ሦስት ቀን ሠራ። የሚታየውን ስፌት ሁሉ ነጭ ቀባ፤ በሦስተኛው ቀንም ነጩ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«አያፈስም» አለ።

«እንግዲያው ታንከሩ ካላፈሰሰው ሰው አፍስሶታል። ሌሊት እዚህ የሚያድረው ማነው?»

ኖራው ማን እንደሚያድር ያውቃል። ዞሮ ግን ብሩሹን ማጠብ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት፣ እውነቱ ይነገር፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ወሬው በአንድ ቀን ግቢውን ሞላው። ከሾፌሮቹ አንዱ ዘበኛውን ሲያይ፣ «ሰውዬው እንኳ እንዴት አድርጎ ይሰርቃል? ሳል ይዞ ስርቆት! ሲቀዳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር እኮ» አለ። ሌላው ተቀበለና፣ «የተረቱን ግማሽ ብቻ አታውራ። ቂም ይዞ ጸሎትም አለ» ብሎ ወደ ኖራው አገጩን ቀሰረ። ኖራው ሰምቷል። ያልሰማ መስሎ አለፈ።

ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፖሊስ እንደሚመጣ ለዘበኛው ነገረው። ዘበኛው ጮኸ፣ ማለ፣ አሳለ። ሰሚ አላገኘም፤ ኖራው አያፈስም ብሏል፣ ኖራው አያፈስም ካለ ደግሞ አያፈስም። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳስቶ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እህታቸው ኖራው ቤት መጣች። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ አንድ ወንበር። ሁለተኛ ወንበር ገዝቶ አያውቅም፤ ማንም እንዲቀመጥ አይፈልግም። እሷም አልተቀመጠችም።

«ነገ ሊያስሩት ነው» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ጋሼ ሌባ ነው?»

«እኔ ሌባ ነው አልኩ? አያፈስም ነው ያልኩት።»

«አንድ ነው! ያንተ አያፈስም የሱ እስር ቤት ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ እየተባሉ ነው። ትንሿ ዛሬ ከቤት አልወጣም ብላ አልጋ ሥር ገብታለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ታንከሩን ልምታው፣ እንዲያለቅስ?»

እህቱ አፍጥጣ አየችው። ቁጣዋ ሲበርድ ነው የምታስፈራው፤ እናታቸውም እንዲሁ ነበረች።

«አንተ ሰው፣ ሁለታችሁን ያጠባች አንዲት ጡት ናት፤ እኔ ዛሬ ላስታርቃችሁ አልመጣሁም፤ ባትታረቁ ጉዳዬ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ። የታንከሩን ስፌት ሁሉንም አይቻለሁ፣ አንድም አልቀረኝም ብለህ በእማዬ አጥንት ማልልኝ። እሄዳለሁ።»

ኖራው አፉን ከፈተ። መማል ለሱ ቀላል ነገር ነበር፤ በታንከር ጉዳይ በማንም ፊት ይምላል። «በእማዬ አጥ...» አለና ቀጥ አለ። ከሲሚንቶው ሥር የቀረችው ስፌት ትዝ አለችው። ከሷ ቀጥሎ ያች የምስር ፍሬ የምታህል ነገር መጣች፣ ላይዋ ቀለም የተቀባ። ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ያንን ቦታ በመዳፉ ጠፍ ሲያደርግ ኖሯል። አንድም ቀን ትዝ አላለችውም ነበር ቢል ይዋሻል።

«ማል እንጂ!» አለች።

«ውጪልኝ» አለ ኖራው።

«አወቅኩት» አለች እህቱ። ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችውም።

ኖራው ተነስቶ መዝጋት አቃተው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መንገዱን አየ። ይቅርታ አልነበረም ልቡ ውስጥ የገባው፤ ወንድሙን ያኔም እንደጠላው ነበር። የናደደው፣ የሚጠላውን ሰው እንኳ በንጹሕ እጅ ሊጠላው አለመቻሉ ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። እርሳሱ አይናገርም፣ ሲሚንቶው አይናገርም። እሱ ግን ሌላ ሰው ታንከር ደፍኖ ቢዋሽ ኖሮ በብሩሹ ዱላ ጭንቅላቱን ይለው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፖሊሱ ከመድረሱ በፊት ሁሉም ሰው ግቢው ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ዘበኛው ቁልፉን አስረክቦ፣ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ በሸሚዝ ብቻ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኖራው ባልዲ፣ ከእንጨት የጠረበውን ውታፍና በእጅ የሚዞረውን መሰርሰሪያ ይዞ ሦስት ቁጥር ታንከር ሥር ተንበረከከ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሲጋራ ያለው ያጥፋ» አለ ኖራው፣ ዞር ሳይል።

ቀለሙን ፋቀ። ግራጫው እርሳስ ብቅ አለ። መሰርሰሪያውን ተከለና ቀስ እያለ አዞረ፤ ለስላሳው እርሳስ እንደ ሻማ እየተላገ ወረደ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከሾፌሮቹ አንዱ ሊሳለቅ አፉን ሲያሰናዳ የቀረው የእርሳስ ቁራጭ ተስፈንጥሮ የኖራውን ደረት መታው፤ ናፍጣውም እንደ ተቆረጠ ደም ሥር ፊጭ ብሎ ሸሚዙን አራሰው። ኖራው ባልዲውን ደቀነ፤ ሁሉም አይቶ እስኪጠግብ ጠበቀና ውታፉን ሰካበት።

«መጣፊያው ጀርባ ናፍጣ ሞልቷል» አለ። «በታችኛው ስፌት ነው የሚወጣው፤ ሲሚንቶውን ስበሩት፣ አሸዋው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ይህቺ ቀዳዳ ክፍት ብትሆን ኖሮ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነግራን ነበር። የደፈንኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ። እጁ ከኪሱ ወጥቷል።

የመለሰው ዘበኛው ነበር፤ ሳሉ መሃል መሃል እየገባበት።

«እኔ ስለሳቅኩበት ነው። ለሳቄ ነው ዘጠኝ ዓመት የደፈነው። ኋላ ደግሞ ሌባ ሲሉኝ ቆሞ ብሩሹን ያጥባል!»

«ጋሼ...» አለ ኖራው። ሳያስበው ነው ያመለጠው።

«ዘበኛው በለኝ! ጋሼህ በሸሚዝ ብቻ በቆመበት ሞቷል።»

ሲሚንቶው ተሰበረ። አሸዋው እንዳለው ሆኖ ተገኘ፤ የክንድ ጥልቀት ድረስ ጥቁር። ፖሊሱ መጥቶ የሚወስደው ሰው ሳያገኝ ተመለሰ። ዘበኛው የደንብ ልብሱን መልሶ ለበሰ፤ ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ለማለት ሲጠጋው ጀርባውን ሰጠው። ኖራው ደግሞ ቢሮ ተጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ ታንከር እንዳይነካ ተነገረው። አልተከራከረም። እሱም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚፈርደው። «አራት ቁጥር ሥር በሲሚንቶው ስንጥቅ የበቀለውን ሣር ግን አስነቅሉ» ብሎ ወጣ።

እቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ሲደርስ ዘበኛው ቆሞ ጠበቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖራው ቦርሳ ተፈትሾ አያውቅም።

«ክፈት» አለ ዘበኛው።

ኖራው ከፈተ። ዘበኛው አንድ በአንድ እያወጣ አግዳሚው ላይ ደረደረ፤ ብሩሽ፣ መዶሻ፣ መሰርሰሪያ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ኖራ። ጨርቁን ፈትቶ አይቶ መልሶ ቋጠረው። አልቸኮለም። ሾፌሮቹ ከኋላ ቆመው ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

«ኪስህን።»

ኖራው ኪሱን ገለበጠ። ጠዋት ደረቱን ከመታችው በኋላ አንስቶ የያዛት የእርሳስ ቁራጭ መዳፉ ላይ ወደቀች። ዘበኛው አነሳትና ወደ ብርሃኑ አድርጎ አገላብጦ አያት።

«ይሄ የዲፖው ንብረት ነው» አለ፤ የደንብ ልብሱ የደረት ኪስ ውስጥ ከተታትና ቆለፈባት። ከዚያም በሩን ከፈተለት።