ክፍል ሦስት ሳይሠራ የቀረበት ምክንያት

ገብስ እየቆላሁ ነው። ልጄ ከበስተኋላዬ ተጋድሞ በስልኩ ፊልም ያያል፤ ጥይቱ ይንጣጣል፣ ሰው ይጮኻል፣ መስታወት ይረግፋል። ስንተኛው እንደሆነ ብጠይቀው፣ ዓይኑን ሳይነቅል "ክፍል አራት" አለኝ። ወይ ጉድ፣ አንድ ሰው ስንቴ ነው የሚበቀለው! የቆሎው ሽታና የቡጢው ድምፅ ግን አንድ ላይ ሲመጡብኝ፣ ከወጥ ቤቴ አውጥተው አሰላ ገበያ ጀርባ የነበረችው ቪዲዮ ቤት ውስጥ አስቀመጡኝ።

ቪዲዮ ቤት ትባል እንጂ አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች፤ በክረምት የራሰ ሹራብ፣ የገብስ ቆሎና የእግር ሽታ የሚታፈንባት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ደም ሲፈስ የምናይባት። ሴት ልጅ አትገባም ነበር፤ እኔን ግን ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ኮፍያውን እስከ ጆሮዬ ደፍቶብኝ ይዞኝ ይገባል። ጀግናውን "አክተሩ"፣ ጠላቱን "ሌባው" እንለዋለን፤ ምንም ባይሰርቅም ሌባ ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም። ስንወጣ ደግሞ ክፍል ሁለቱ የመጀመሪያውን ያህላል፣ አያህልም እያልን ሰፈሩን በጭቅጭቅ እናውከዋለን። ደረጀ አያህልም ባይ ነበር። "ሁለተኛው ላይ ያው የሌባው ወንድም ለበቀል ይመጣል፤ አለቀ" ይላል። የሚያበሽቀኝ ይህን እያወቀ በኋላ ያደረገውን ማድረጉ ነው።

አንድ ቀን ከፊልም ስንወጣ የታች ሰፈር ጎረምሳ ኮፍያዬን ነጥቆ "ሴት ገብታለች!" እያለ ፀጉሬን ጎተተኝ። ደረጀ አፍንጫውን በቡጢ አለው። ከወደቀም በኋላ ረገጠው፣ እኛም "አክተር! አክተር!" እያልን አጨበጨብን። የልጁ ጥርስ ጭቃው ላይ ቀረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም!

ብዙም ሳይቆይ ክፍል ሁለቱ መጣ። የልጁ ታላቅ ወንድም አቦምሳ ከተማ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ወሬው ደርሶት የፌሮ ብረቱን ይዞ ከች አለ። ባሕር ዛፉ ሥር ካለችው ሜዳ ኳስ ስንጫወት አገኘን። እኔ "ሩጥ!" ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ግን አልሮጠም፤ ልክ እንደ አክተሩ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሳቀበት። ፌሮው ግንባሩ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ከፊልሙ ጋር አይገናኝም፤ ደረቅና አጭር ነው፣ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው። ደም ፊቱን አልብሶት ተንበረከከ። ሰውየው ሊደግመው ፌሮውን ወደ ላይ አነሳ። ወንድሜ ሊሞት ነው!

ይሄኔ አዴ ጫልቱ ደረሱ። ከገጠር ወተት የሚያመጡልን ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን ከሴቶች ምርቃት ሲመለሱ ስለነበር ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ሲንቄ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ለመምቻ አይደለችም። ሮጠው መሃል ገቡና በትሯን በሁለት እጃቸው ዘርግተው "ዲሲ! ተው!" አሉ። ያ ጉልቤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሲንቄ አልፎ የመታ ሰው እርግማኑ ለልጅ ልጁ እንደሚተርፍ እናቱ አስተምራዋለች። ፌሮውን ጥሎ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

ደረጀ ተረፈ፤ ግራ ዓይኑ ግን አልተረፈችም። በነጋታው አባባ መጥረቢያ ይዘው ሲወጡ አዴ ጫልቱ ከነሲንቄያቸው በራችን ላይ ቆመው ነበር። አባባም መጥረቢያቸውን እንደያዙ ወደ ቤት ተመለሱ፤ በኋላም በሽማግሌ ታረቅን። ክፍል ሦስት በዚያው ሳይሠራ ቀረ።

አዴ ጫልቱ ከሞቱ ቆዩ። ባለፈው ሰሞን በራችን ላይ ሁለት ጎረምሶች በድንጋይ ሲፈናከቱ ሰፈርተኛው ዙሪያውን ቆሞ በስልክ ይቀርጻል፤ የኔው ጉድ፣ ልጄም ጭምር። ይህችኑ ገብስ የማምስባትን ማማሰያ እንደያዝኩ መሃላቸው ገባሁና በሁለት እጄ ዘርግቼ "ተው!" አልኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ በጎኔ ዞሮ አንደኛው የሌላውን ግንባር በድንጋይ አፈረጠው፤ ደሙ ቀሚሴ ላይ ተረጨ።

ደረጀ ከበሩ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ያየኝ ነበር። የተፈነከተውን ልጅ ሐኪም ቤት ከላክነው በኋላ ጨርቅ አርሶ መጣና ቀሚሴን እየጠረገልኝ፣ "አየሽ እህት ዓለም፣ ክፍል ሁለቱ የመጀመሪያውን አያህልም ብዬሽ አልነበር?" አለኝ። ሊያስቀኝ ብሎ ነው። እኔ ግን አዴ ጫልቱ ናፈቁኝና አለቀስኩ።