በጎባ ሸክላ ያሰማሁባቸው ዓመታት

በጎባ ንባብ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ አቶ መኮንን መጀመሪያ ያሳዩኝ መጽሐፍ አልነበረም። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ትተውት የሄዱት ማጫወቻና ጥቂት የክላሲክ ሙዚቃ ሸክላዎች ነበር። «ፊቱን በጣት እንዳትነኪ። ጠርዙን ብቻ ያዢ» አሉኝ።

ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ማዕረጌ ረዳት ጸሐፊ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደንብ ይወዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ለከተማው ሰው ሙዚቃ አሰማ ነበር። ሸክላው ሳያልቅ ማውራትም መውጣትም ክልክል ነው።

ያስቸገረኝ ሬዲዮው ነበር። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ቃል የሌለው እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሲያሰማ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ የመጣ ሁሉ በር ላይ ቆሞ «ማን ሞተ?» ይላል። አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊማ «እትዬ፣ በየሳምንቱ የምትቀብሪው ማንን ነው?» ትለኝ ነበር።

አዲሶቹን አንድ መሣሪያ ብቻ እንዲከተሉ አስተምራለሁ። ቫዮሊኑ ሲገባ እጅ ይነሳል፣ ሲወጣ ይወርዳል። ከዲንሾ የመጣችው አያንቱ፣ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ሦስት ወር ሙሉ እጇ ሲዘገይ ቆይቶ ከእኔ ቀደመች።

አንድ ሐሙስ ዝናብ እየጣለ ሸክላው መዞር እንደጀመረ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ዘጠኝ ሰው አንገቱን ደፍቷል። የአያንቱ እንባ ይወርዳል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ቃል አልተነፈሱም። «እንዲህ ያለ አድማጭ ስጠኝ» አልኩ በልቤ። ሸክላውን ገልብጬ ሁለተኛውንም ፊት አጫወትኩ።

ሲያልቅ ተነሡና «እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ሟቹ ማን ናቸው?» አሉ።

ሰው ሳቀ። አያንቱ ድምፃቸውን ሰምታ ዞረች። «አጎቴ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ለቅሶ አይደለም፣ ሙዚቃ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ሙዚቃ?» አሉ። ከዚያ ወደ አያንቱ ዞሩ። «አባትሽን እዚህ ሆስፒታል አስገብተነዋል። ሳልሞት ልያት ብሎ ላከኝ። ብመጣ ለቅሶ ላይ ነሽ። በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን እንዴት ልንገርሽ? ጋብ ይበልላት ብዬ ተቀመጥኩ።»

ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። በጭቃው አብሬያት ሮጥኩ። ስንደርስ የሕክምና ረዳቱ ድሬሰር የአባቷን ፊት ሸፍኖታል።

«አሁን ነው» አለን። «በሩን በሩን ሲያይ ነበር።»

አያንቱ አልወቀሰችኝም። ዳግመኛም አልመጣችም።

አቶ መኮንን «የተሳሳቱት ሽማግሌው ናቸው፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሉኝ።

«አልጠየቅኋቸውም» አልኩ።

«ደንቡ ዝም በሉ ነው እኮ።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሠራሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የማጫወቻውን መርፌ አነሣ ነበር። አድማጮች ተነጫነጩ፣ ሸክላዎቹም ተጫጫሩ። ይህን ሥራ ለምትይዙ የምለው አንድ ነው። አዲስ ሰው ጸጥ ብሎ ስለተቀመጠ ሙዚቃ እየሰማ ነው አትበሉ። ለምን እንደመጣ ጠይቁት።