ሰደፉ ላይ የቀሩት ጥርሶች

ሰፈሩ «ሻምበል» ይላቸዋል እንጂ፣ ጡረታ እስኪወጡ የኖሩት የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ይቀመጡና የጠመንጃቸውን ሰደፍ ከብረቱ ለይተው እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ያጋድማሉ። ብረቱን ጥላሸት ቀብተው እንጨቱ ላይ ያሳርፉታል፤ ሲያነሡት ጥቁር የነካውን ቦታ ብቻ በስለት ፋቅ ያደርጋሉ። ሁለቱ አካል ለአካል እስኪገጥሙ ድረስ ችኮላ የለም። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም በመዳፍ የሚታሽ የተልባ ዘይት ይከተላል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልትድረው ነው እንዴ እንዲህ የምታቆነጀው?» ይላሉ ባለቤታቸው።

«እሱ እንደ አንቺ አይጨቀጭቀኝማ!»

ዛሬ ግን ወረቀቱ የሰደፉ ጫፍ ሲደርስ እጃቸው ቀጥ አለ። እዚያ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ዘይቱ እስኪደርቅ ምንጣፍ ላይ ቢተዉት፣ ጥርስ የምታበቅለው ልጃቸው እየዳኸች መጥታ ነክሳው ነበር። ያን ቀን ቤቱን በጩኸት አናውጠውታል። አሁን ልጅቷ ርቃ ተድራለች።

«ምን ቆምክ? ያንንም ፋቀውና ይለስልስ እንጂ!»

«የልጄን ጥርስ ላውልቅ?» አሉ ሳቅ ብለው።

ዙሪያውን ብቻ አለሰለሱና፣ አራቱን ጉድጓዶች በአውራ ጣታቸው ዘይት አጠጧቸው።