የማርሚታው ጆሮ

በጋሽ አጥብቄ ቤት አንዴ የተከደነ ነገር እሳቸው ካልመጡ አይከፈትም። የጨው ጠርሙሱ፣ የዘይት ጀሪካኑ፣ የጓሮው ቧንቧ፣ ሁሉም እንደተበየደ ነው። ባለቤታቸው አንዳንድ ቀን ጠርሙሱን ይዘው እኛ በር ላይ ብቅ ይሉና «እስቲ አንተ ጎረምሳ ነህ፣ ሞክረው» ይሉኛል። ጎረምሳነቱ ካለፈኝ ቆይቷል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። መዳፌን ይልጠኝና ጠርሙሱ እንደተዘጋ ይመለሳል።

ስሙ የወጣላቸው በውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲገጥሙ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። አብረዋቸው የሠሩት እንደሚሉት፣ ሌላው መፍቻውን ሲያስቀምጥ እሳቸው ገና መጀመራቸው ነበር። «አንድ ዙር ልጨምርለት» ይላሉ፤ ከዚያም ሌላ አንድ ዙር። የሚነቃነቅ መጋጠሚያ ውሃ ያፈሳል፣ ውሃው ግድግዳ ይበላል፣ ግድግዳው ቤት ይጥላል፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ከአንዲት ጠብታ ተነሥቶ ሬሳ ላይ ሳይደርስ አይቆምም። ፈሪ ናቸው ብል ቅር የሚላቸው አይመስለኝም፤ ራሳቸውም ይሉታል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ነው እንግዲህ አንዲት ልጃቸው ሞተር ገዝታ የገባችው።

ሞተሩ የአስፋልት አይደለም። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ለጠጠርና ለጭቃ የተሠራ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ። የልጅቱ ሥራ ተራራው ላይ ካሉት ትንንሽ ክሊኒኮች የሕመምተኞችን የአክታና የደም ናሙና ሰብስባ ታች ወዳለው ላቦራቶሪ ማውረድ ነው። መንገዱ መኪና አያስወጣም። ጋሽ አጥብቄ ያን ቀን ሞተሩን ዞረው ዞረው አዩት።

«አንቺ ነሽ የምትነጂው ወይስ እሱ ነው የሚነዳሽ?»

«ተራ በተራ ነን አባዬ» አለች እየሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም።

መጀመሪያ የተሰበረው የማርሚታው ማሰሪያ ነው። ማርሚታ ማለት ጭሱን ወደ ኋላ የሚያስወጣው፣ ድምፁንም የሚያፍነው ወፍራም ቱቦ ነው። ከቴላዮው፣ ማለት ከሞተሩ አጽም ጋር፣ በሁለት የብረት ጆሮዎች ይያያዛል። ልጅቱ አንዱ ጆሮ ተቆርጦ፣ ቱቦውን በሽቦ አስራ፣ ሰፈሩን እያናወጠች ገባች። ጆሮው ለብቻው አይሸጥም። ከነሙሉ ቱቦው ለመግዛት ደግሞ ሞተሩን መሸጥ ሳያስፈልግ አይቀርም ነበር።

ጋሽ አጥብቄ የቧንቧ ዕቃቸውን አወጡ። ቧንቧን ግድግዳ ላይ አቅፎ የሚይዘውን የብረት ቀለበት ለማርሚታው አጠለቁለት፤ ብረት ለብረት ከቴላዮው ጋር አነቁት። የመፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ ቀጥለው፣ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አጠበቁ። በመጨረሻ ማርሚታውን ይዘው ቢወዘውዙት ሞተሩ ሁሉ አብሮ ተወዘወዘ።

«አሁን ይሄ ቤት ይወድቃል እንጂ ይሄ አይወድቅም» አሉ። ልጅቱ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሞተሩን እየገፋች መጣች። «መንገድ ላይ ተቆረጠብኝ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሽ አጥብቄ በግቢው ብቻቸውን ቀርተው ጎንበስ አሉ። የእሳቸው ቀለበት እንደነበረ አለ። የተቆረጠው ሌላው ጆሮ ነው፤ ከቴላዮው ላይ ቆዳ እንደሚገፈፍ ተገፍፎ ነው የተነሣው። የማርሚታው ጎን ተፍቆ ያብረቀርቃል። በተፋቀው ላይ ጥቁር ነገር ተለጥፏል። በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ የቀለጠ ጎማ ነው።

ያን ጊዜ ገባቸው። ቱቦው ዞሮ የኋላውን ጎማ ይዞታል። እየሄደች ነው የያዘው።

ገቡ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«የት ላይ ነው?»

«መንገድ ላይ አልኩህ እኮ።»

«የትኛው መንገድ?»

እናትየው መሬት መሬት አዩ። ልጅቱ «መዞሪያው ጋ» አለች።

መዞሪያውን እዚህ የማያውቀው የለም። በአንድ ወገን ድንጋይ ነው፣ በሌላው ወገን ምንም የለም።

«ወደቅሽ?»

«ሸርተት አልኩ።»

«ገደሉ ጋ ለመድረስ ምን ያህል ቀርቶሽ ነበር?»

«አባዬ ተወው።»

«ምን ያህል?»

ልጅቱ ቤቱን ዘወር ብላ አየችና «እስከዚያ ወንበር» አለች። ጋሽ አጥብቄ ወንበሩን አዩት። ከእግራቸው ብዙም አይርቅም። ዛሬም እዚያ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ ደስ አይላቸውም፤ እኔ ሳላውቅ ተቀምጬ በዓይናቸው አስነሥተውኛል።

«ከእንግዲህ አትሄጂም» አሉ።

«ሰኞ እሄዳለሁ። ውጤታቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ እሱ ሳይመጣ መድኃኒት አይጀመርላቸውም። ሞተሩን ከሠራህልኝ እሰየው። ካልሠራህልኝ በሽቦ አስሬው እሄዳለሁ።»

ባለቤታቸው «ማንን መስላ ነው ግትር የሆነችው?» አሉ።

በማግሥቱ ጋሽ አጥብቄ ሞተሩን ገፍተው የሰፈራችን በያጅ ጋ ወሰዱት። ሳቂታ ሰው ነው፤ ደንበኛውን ሳያሾፍበት አይሸኝም። ተንበርክኮ አየና አፏጨ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው እንዲህ ያነቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አድርጎዎት ነው?»

«ቀልዱን ተወው። ሁለቱንም ጆሮ ከቴላዮው ጋር አንድ አድርገህ በይድልኝ። ብሎን የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም።»

«እንደሱማ ከሆነ በሚቀጥለው የሚቆረጠው ቴላዮው ራሱ ነው። ይሄ የውሃ ቧንቧ አይደለም እኮ ጋሼ! ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ኢንጂኑ ደግሞ ያንዘፈዝፈዋል። መፈናፈኛ ሲያጣ የደከመ ቦታ ፈልጎ ይሰነጠቃል። በአንድ በኩል ስላነቁት ነው በሌላ በኩል የተገነጠለው።»

ጋሽ አጥብቄ የተደፋ ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ላይ ሆነው በረዳቸው። ወንበሩ ነው የመጣባቸው።

«ጋሼ፣ ምነው? ውሃ ላምጣልዎት?»

«ሥራው» አሉ። «እንዳልከው አድርገህ ሥራው።»

በያጁ ባትሪውን ፈታ፤ የነዳጁን ታንከር አውርዶ ከብልጭታው አራቀ። ከአሮጌ አልጋ ጠርዝ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ ሁለት ጆሮ አወጣና ማርሚታው ላይ በየደ። ቀጥሎ በጆሮውና በቴላዮው መሀል የሚገባ ጎማ ፈለገ። የመኪና ጎማ እንዳይሆን ውስጡ ሽቦ አለው። ጋሽ አጥብቄ ቤት ደርሰው የሥራ ጫማቸውን ይዘው መጡ፤ ተረከዙ የሁለት ጣት ያህል ወፍራም ነው።

«ጡረታ ወጥቶ አልነበር እንዴ ይሄ?» አለ በያጁ።

«ተመልሶ ይግባ።»

ጎማው ተቆርጦ ተበሳ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ብሎኑ ከጠበቀ ጎማው ይጨፈለቃል፣ ካልጠበቀ ብሎኑን የሚይዘው ዳዶ በመንገድ ላይ ተፈቶ ይወድቃል። በያጁ ራሱን አከከ። ይህን ጊዜ ጋሽ አጥብቄ ከዕቃ ቦርሳቸው ቀጭን የውሃ ቱቦ አውጥተው በጎማው ውፍረት ልክ ቆረጡ፤ በጎማው ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። ብሎኑ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ ዳዶው የሚጠብቀው ቱቦው ላይ ነው፤ ጎማው ሳይጨፈለቅ ዙሪያውን ይቀራል።

«ወይ ጋሼ! እዚህ ልቅጠርዎት እንዴ?»

እሳቸው መፍቻቸውን አንሥተው ነበር። በያጁ ከእጃቸው ወሰደው። «መጀመሪያ በጣት ብቻ! ሁሉም ልል ሆኖ ቱቦው ራሱ መቀመጫውን ይፈልግ። ከዚያ ከኢንጂኑ በኩል እየጠበቀ ይመጣል፤ ጆሮዎቹ መጨረሻ።»

ሲያልቅ ጋሽ አጥብቄ ማርሚታውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

ተነቃነቀ። ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፉ ከግድግዳው ማዶ ሰምቻለሁ። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። «መፍቻዬን የት አደረግሽው?» ይላሉ። «ጨው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ክፈተውና አውጣው!» ይላሉ ባለቤታቸው። የደበቁት ፍራሽ ሥር ነበር፤ ሰኞ ሲነጋ ግን መፍቻው በጋሽ አጥብቄ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ልጅቱ ሞተሩን ስታስነሣ ሄደው ከኋላዋ ተቀመጡ።

«አባዬ! አንተ ሞተር ላይ?»

«ንጂ።»

ሽቅቡን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደወጡት ነግረውኛል። ሲጨፍኑ ደግሞ ባሰባቸው፤ ጆሯቸው ብቻ ቀረ። በግራ እግራቸው አጠገብ ማርሚታው ይንዘፈዘፋል። ጠጠር በዘለለ ቁጥር ብሎኑ የተፈታ ይመስላቸዋል። ክሊኒኮቹ ጋ ልጅቱ ናሙናውን ስትቀበል እሳቸው መሬት ላይ ተኝተው ዳዶዎቹን በጣታቸው ይዳስሳሉ። አንዲት ነርስ «ሰውዬው አመማቸው እንዴ?» ብላ ሮጣ ነበር። ሲመለሱ የናሙናውን ሳጥን በጀርባቸው አዘሉ። ቁልቁለቱ መጣ።

መዞሪያው ከሩቅ ታየ። ከታች አንድ ድምፅ ሰሙ፣ ጠክ የሚል። ደግሞ ጠክ።

«አቁሚ! አቁሚ አልኩሽ!»

አቆመች። ድንጋዩን ተጠግታ፣ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ተክላ፣ ኢንጂኑን ሳታጠፋ ጠበቀቻቸው። ወርደው ተንበረከኩ። ዳዶዎቹ በቦታቸው ናቸው። ብየዳው አልተሰነጠቀም። ጠክ የሚለው የኋላው ጎማ ጥርስ መሀል የተሰካ ጠጠር ነበር፤ ነቅለው ጣሉት። ማርሚታው ግን በዓይናቸው ፊት ይንቀጠቀጣል፤ የጫማቸው ተረከዝ ከጆሮው ሥር ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ ይለጠጣል። ከልጅቱ ጫማ አልፎ አየር ብቻ ነው የሚታየው። መፍቻውን አወጡ።

ልጅቱ መፍቻውን አየችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ላጥብቀው ካልክ አጥብቀው፤ አባቴ ነህ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አልነዳውም። እየገፋሁት ነው የምወርደው።»

መፍቻው ዳዶው ላይ ነው። ቱቦው ብሎኑን ይዞታልና ብዙ አይዞርም፤ ቢሆንም እጃቸውን ያውቁታል፤ ቱቦውንም ጨፍልቀው ጎማውን ያንቁታል። «አንድ ዙር ብቻ» ይላል እጃቸው። ሲነግሩኝ እንኳ ጣታቸው ይጨበጥ ነበር። በያጁ ያለው ትዝ አላቸው፣ ወንበሩም ትዝ አላቸው፤ የቱ ይበልጥ እንዳስፈራቸው አላውቅም። መፍቻውን ኪሳቸው ከተቱ።

ተመልሰው ተቀመጡ፤ ወገቧን ያዙ። ሞተሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። እኔንም ትንሽ ላላ አድርገኝ።»

ላላ አደረጓት፤ ትንሽ ብቻ። መዞሪያውን ዓይናቸውን ገልጠው አለፉት። ናሙናው ቀዝቃዛነቱ ሳይለቅ ላቦራቶሪ ደረሰ።

ማታ ባለቤታቸው «እንዴት ነበር?» ቢሏቸው፣ «ይነቃነቃል» አሉ።

«ታዲያ?»

«ይነቃነቃል አልኩሽ እኮ!»

አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ከመውጣቷ በፊት በግቢው አያቸዋለሁ። ጎንበስ ብለው ማርሚታውን በአንድ ጣት ገፋ ያደርጉታል። ከተነቃነቀ «ሂጂ» ይሏታል። አንድ ቀን ጭቃ ገብቶ ደርቆበት አልነቃነቅ ቢላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ጭቃውን በጥፍራቸው ፈልፍለው እስኪያወጡት አላስነሧትም። ከዚያ እስክትመለስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም።

የጨው ጠርሙሱ ትናንትም እኛ ቤት መጥቶ ነበር። አልተከፈተልኝም።