የአርባ ምንጭ መንገድ ፎቶ የት ገባ?

የዛሬ ሳምንት እሁድ... አጎቴ ቤት ሽማግሌ መጣ።

አጎቴ ጋሼ ወልዴ ይባላሉ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ሽማግሌዎቹ የመጡት የጋሼን ልጅ ቤቲን ለዳዊት ለመጠየቅ ነው። ዳዊት የአስኮ ልጅ ነው። ቤቲ እሱ ከሚወዳት በላይ ነው የምትወደው... ይሄን ለሱ እንዳትነግሩብኝ።

ነገሩ ጥሩ ይዞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆመው ተናገሩ፣ ተቀመጡ ተባሉ፣ ሁሉም በወጉ ሄደ። ጋሼ ግን አንደኛውን ሰውዬ ትክ ብለው ያዩዋቸዋል። አቶ ኃይሉ ይባላሉ፤ ዳዊትን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው።

በመጨረሻ ጋሼ «እስቲ እንምከርበት፣ በሚቀጥለው እሁድ ኑ» አሉ። ይሄ ያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ከግቢ እንደወጡ ግን...

«ልጄን ለዚያ ቤት አልሰጥም!»

ቤቲ ከጓዳ ወጣች። «ምነው አባዬ?»

«ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የሆነ ቦታ አዋርዶኛል።»

«የት?»

«እሱ ነው የጠፋኝ። መዋረዴን ግን አልረሳሁም።»

እንግዲህ ምን ትላላችሁ? ቦታው ጠፍቷል፣ የተባሉት ነገር ጠፍቷል፣ ንዴቱ ብቻ ትኩስ እንደሆነ ተቀምጧል። ቤቲ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። እኔ ግን አጠገቧ ቁጭ አልኩና «ዝም በይ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው» አልኳት።

የኔ ሥራ ያልኩት በምክንያት ነው። እኛ ቤት ጉዞ ሲኬድ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ከሃያ ሺህ በላይ ፎቶ አለ፣ ሁሉም በየቦታው የተለየ... ሐዋሳ፣ ወንጪ፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ። ጋሼ ደግሞ ከሱቅና ከቤተክርስቲያን ሌላ የትም አይሄዱም፤ ከከተማ የሚወጡት እኔ ስጎትታቸው ብቻ ነው። ሱቅ መጥቶ ያስቀየማቸው ሰው ቢሆን ደግሞ ስሙን ከነአያቱ ይነግሯችሁ ነበር! ስለዚህ የተገናኙት ጉዞ ላይ ነው። ጉዞ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰውዬው እኔ ጋ አሉ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰውን በመልኩ ለይቶ የሚፈልገውን ፕሮግራም ሞከርኩ። እሱ እቴ! ጋሼን እንኳ ባርኔጣ ሲያደርጉ ሌላ ሰው፣ ሲያወልቁ ሌላ ሰው አድርጎ ነው የቆጠራቸው። ተውኩትና በዓይኔ ገባሁበት። ሐዋሳ... የሉም። ወንጪ... የሉም። ባሕር ዳር ላይም የሉም።

አርባ ምንጭ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ገረመኝ። የመጀመሪያው ፎቶ እዚሁ በራችን ላይ ሻንጣ ስንጭን ነው። ቀጣዩ ሐይቁ ዳር ነው። መንገዱስ? እኔ እኮ ያን ሁሉ አገር አንድ ፎቶ ሳላነሳ የማቋርጥ ሰው አይደለሁም!

ከዚያ ስልኬ ትዝ አለኝ። ያኔ የነበረኝ አሮጌ ስልክ ባትሪው ባለቀ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበት ነበር። ሲበራ፣ እኔ እስካስተካክለው ድረስ፣ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ነው የሚነሳው። እኔ ደግሞ ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፕ ስገለብጥ በየቦታው የምለያቸው የተነሱበትን ቀን አይቼ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ፎቶዎች አልጠፉም... ስልኩን ከመግዛቴ በፊት ያለ ቀን ይዘው ከሁሉም ኋላ ተቀብረዋል ማለት ነው።

ሁሉንም በቀን ደረደርኩና ወደ መጨረሻው አሮጌ ፎቶ ወረድኩ።

ነበሩ!

ዝናብ ነው። የጋሼ አሮጌ መኪና መንገድ ዳር ቆማለች። የጭስ ማውጫዋ ተገንጥሎ መሬት ሲጎተት ነበር ያቆምናት። ከሥሯ አንድ ሰውዬ በነጭ ሸሚዝ ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ሽቦ በጥርሳቸው ነክሰው ያስራሉ። ጋሼ አጎንብሰው ጃንጥላ ይዘውላቸዋል። ቀጣዩ ፎቶ ላይ ሰውዬው ወጥተው እጃቸውን በሣር ይጠርጋሉ። ጺማቸው ያኔ ጥቁር ነበር እንጂ... ራሳቸው አቶ ኃይሉ ናቸው።

ላፕቶፑን ይዤ በቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩ።

«እሱ ነው! ‹አንተ ሰውዬ፣ ልጆች ጭነህ በእንዲህ ያለ መኪና መንገድ ትወጣለህ? አታፍርም?› አለኝ። ልጆቼ ፊት! ‹አንተ› ብሎ!»

«መቼ ነው እንደዚያ ያሉዎት?»

«ከመኪናው ሥር ሆኖ።»

«እየጠገኑልዎት?»

ደንበኛ መጥቶ የቧንቧ ዋጋ ጠየቃቸው፣ አልሰሙትም። ፎቶውን ቀረብ ብለው ሲያዩት ቆዩና ቀስ ብለው...

«ሸሚዙ አዲስ ነበር መሰለኝ» አሉ።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው መጡ። ገና በሩ ላይ እንዳሉ ጋሼ ተነስተው ሄደው አቶ ኃይሉን አቀፏቸው። አቶ ኃይሉ ግራ ገባቸው። ፎቶውን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ራሳቸውን አዩ፣ ቀጥሎ ጃንጥላ የያዙትን ሰውዬ... ከዚያ ቀና ብለው ጋሼን አዩ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ ያ ሰውዬ ልጆቹን ይዞ በደህና ገብቶ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ!»

ቤቲ የጓዳውን መጋረጃ ይዛ ቆማለች፤ ጋሼ በእጃቸው ጠሯት።

«በደህና ገብተናል» አሉ። «ከልጆቹ አንዷ ይቻትላችሁ... የእናንተ ናት።»

እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። እናንተም የድሮ የጉዞ ፎቶዎቻችሁን ቆፈር ቆፈር አድርጉማ... ዘመድ ሊወጣበት ይችላል።