ያልታጨደው ቄጠማ

ባህሩ ዘወትር ማለዳ ከማሠልጠኛው ግቢ ቁልቁል ይወርድና የሽቦውን አጥር አንድ ጊዜ ይዞራል። የተቆረጠ አገዳ ካላየ በሩን ይከፍታል። ካየ መጀመሪያ ዱካ ይፈልጋል።

አጥሩ የሚከልለው በጠጠር የተሞሉ ሦስት ሰፋፊ ገንዳዎችን ነው። የአዳሪ ሠልጣኞች መኝታ ቤትና የወጥ ቤቱ ፍሳሽ፣ ዝቃጩ በጉድጓድ ከቀረ በኋላ፣ በጠጠሩ ውስጥ በዝግታ ያልፋል። በላዩ የተተከለው ቄጠማ ቆሻሻውን በሥሩ እየመጠጠ ያድጋል። የሚወጣው ውሃ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ከወንዙ፣ በዳርቻው የምታርሰው ሀሊማ ጎመኗን ታጠጣለች።

ባህሩ ሲቀጠር የተሰጠው ደብዳቤ «ተክሎቹን ከማንኛውም ጉዳት ይጠብቃል» ይላል። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የእህል መጋዘን ጠብቋል፤ አንድ ጆንያ አልጠፋበትም።

በመካነ ሰላም ዙሪያ በዐቢይ ጾም ማብቂያ ለምለም ቄጠማ እንደ ልብ አይገኝም። ካህናት ደግሞ በቀዳም ስዑር ለየቤቱ የሚያድሉት፣ ምእመኑም በራሱ ላይ የሚያስረው ቄጠማ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መሪጌታ ኃይለኢየሱስ ከሁለት ዲያቆናት ጋር ማጭድ ይዘው መጡ። ባህሩ መለሳቸው። በማግስቱ ሌሎች መጡ፤ እነሱንም መለሰ። ነገሩን ለመጨረስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሞ፣ ያ ቄጠማ የሚበቅለው ከሽንት ቤት በሚወጣ ውሃ መሆኑን ለሕዝቡ ተናገረ። እውነቱን ነበር። ሦስት ዓመት ማንም ዝር አላለም።

በሦስተኛው ዓመት በመውጫው ቱቦ ሥር እንደ ልጋግ የሚሳብ አረንጓዴ ነገር ታየ። ውሃው ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ሁለቴም ወደቀ። ሦስተኛው ምርመራም ከወደቀ ገንዳዎቹ እንደሚደፈኑና ጥበቃ እንደማያስፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ባህሩ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

በመጋቢት መጨረሻ ሰርካለም የተባለች የፍሳሽ ውሃ ባለሙያ ከደሴ መጣች። ገንዳዎቹን ዞራ የደረቀውን ቄጠማ በእግሯ ገፋ አደረገች።

«መቼ ነው የታጨደው፣ ጋሽ ባህሩ?»

«ታጭዶ አያውቅም።»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም አገዳ።» ባህሩ ይህን ሲል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የመጠጠውን ይዞ ካልወጣ እዚያው ደርቆ ይበሰብሳል። ቆሻሻውን መልሶ ለውሃው ይሰጣል። እርስዎ ሦስት ዓመት የጠበቁት ቆሻሻውን ነው።»

«ደብዳቤው ጠብቅ ነው የሚለው።»

«እጨድም ማለት ነበረበት» አለች ሰርካለም።

እሷ እንዳለችው፣ ከሦስቱ ሁለቱ ገንዳዎች በአሥር ቀን ውስጥ ታጭደው፣ ቄጠማው ከግቢው መውጣት አለበት። ማሠልጠኛው መኪና የለውም። ባህሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ።

«መሪጌታ፣ ቄጠማ አለኝ።»

«አውቃለሁ። ሦስት ዓመት በሽቦ አሻግረን አይተነዋል።»

«ለበዓሉ መጥታችሁ እጨዱ።»

«የሽንት ቤቱን? ማን ነበር የነገረን?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አድርገህ ነው የነገርከን። እስከ ዳር ድረስ ነበር የተሰማው።» መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሰው በራሱ ላይ የሚያስረው ነው፣ ባህሩ። አሁን ችግር የለውም ብትለው ማን ይሰማሃል?»

ባህሩ ሲመለስ በወንዙ ዳር አለፈ። ሀሊማ ጎመን እየኮተኮተች ነበር። ነገሩን ነገራት።

«ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ» አለች። «ፋንድያ የምገዛው ሽቶ መስሎህ ነው? ቀብሬ አበሰብሰውና ለባሕር ዛፍ ችግኜ አደርገዋለሁ። አንተ እጨድ፣ እኔ እጭናለሁ።»

«አህያ ከነጭነቱ በሩን አያልፍም፣ እትዬ ሀሊማ።»

«እንግዲያው ሽቦህን ቁረጥ። ወይስ እሱንም ጠብቅ ብለውሃል?»

ባህሩ ሽቦውን ቆረጠ። ማጭድ ይዞ ወደ መጀመሪያው ገንዳ ገባ፤ አንድ ጭብጥ አጨደና ዙሪያውን ተመለከተ። የሚከለክለው ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን ጭብጥ ያዘ።

የሀሊማ ሦስት አህዮች ለስድስት ቀን ተመላለሱ። ሁለቱ ገንዳዎች ተላጭተዋል፤ ሦስተኛው ለዘር ቀርቷል። ሰርካለም ግንቦት አሥራ ሁለት መጥታ ናሙና ትወስዳለች። ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይደርሳል፤ እስከዚያ ባህሩ በሥራው ላይ ነው።