ሎሪንና የቁልፍ ሳጥኑ

ሎሪን ፓስተርኒክ ቶሌዶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ቤት ስትሸጥ አንድ ቀን እንኳ በር ላይ የቁልፍ ሳጥን አንጠልጥላ አታውቅም። ሌሎቻችን ደላሎች ቁልፉን እጀታው ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቆልፈን፣ የሳጥኑን መክፈቻ ቁጥር ለገዢው ደላላ ነግረን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። እሷ ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ ታስጎበኛለች። «ቤት የሚሸጠው አፍ ነው፣ ቆርቆሮ አይደለም» ትላለች።

አፍ ደግሞ ነበራት። ገዢውን ከክፍል ክፍል እግር በእግር ትከተለዋለች። ቁም ሳጥን ከፍታ «ይሄ ቁም ሳጥን ነው» ትለዋለች፣ ሰውየው ዓይነ ስውር ይመስል። ባልና ሚስት ሊንሾካሾኩ ጥግ ሲይዙ መሐላቸው ትገባለች። ቤቱ ከተሸጠ በእሷ ምላስ ነው፤ ካልተሸጠ ገዢው ድሃ ነበር። ቢሮ ጠረጴዛዬ ከጎኗ፣ ቤቴም ከቤቷ ፊት ለፊት ስለሆነ ይህን ዲስኩር ጠዋትም ማታም እሰማዋለሁ። አንገሽግሾኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

በመጨረሻ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ አላትና የራሷን ቤት ለመሸጥ ተነሳች። ቢሮአችን ደላላ የራሱን ቤት እንዲያሻሽጥ ስለማይፈቅድ ሥራውን ለባልደረባችን ለብሬት ሰጠችው። ያሰለጠነችው እሷ ናት፤ ቃሌን ይሰማል ብላ ነው። ብሬት ሳጥኑን ይዞ መጣ።

«እኔ ላስጎብኛቸው» አለችው።

«እርስዎ አሁን ደላላ አይደሉም፣ ባለቤት ነዎት። ባለቤት ባለበት ገዢ የልቡን አያወራም።»

«እሺ፣ አንተስ አትቆምም?»

«አልቆምም። ሰው ቆሞ ሲለፈልፍ ገዢ እንዴት እንደሚሸሽ ከእርስዎ ጋር ስሠራ አይቻለሁ።»

ሳጥኑን በሯ እጀታ ላይ ቀጭ አድርጎ ቆልፎ ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሎሪን እኔ በረንዳ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «ታያለህ፣ ወር ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ያኔ ብሬት እየለመነ ይጠራኛል» አለችኝ። የገዛ ቤቷ እንዳይሸጥ የምትጸልይ ሴት ያየሁት ያን ቀን ነው። ያለ እሷ ከተሸጠ ዕድሜዋን ሙሉ በከንቱ ለፍልፋለች ማለት ነዋ።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ከደላላቸው ጋር መጡ። ገብተው ቆዩ። ሳቃቸው መንገዱን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ሲወጡ ሴትየዋ መኪናው አጠገብ ቆማ ለደላላዋ «እፎይ፣ ለብቻ ቤት ማየት እንዴት ደስ ይላል!» አለች። «ባለፈው ያየነውንም ቤት እኮ ወደነው ነበር። ያቺ ሽንት ቤት ድረስ የተከተለችን ሴትዮ ናት ያስጠላችን።»

«ስለ ማን ነው የምታወራው?» አለችኝ ሎሪን።

«ስላንቺ» አልኳት። ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ደስ አለኝ።

በማግስቱ ብሬት «ተሽጧል» የሚለውን ምልክት ሊተክል መጣ። ሎሪን መንገዱን እያነከሰች ተሻገረች።

«ጣሪያው አዲስ መሆኑን ማን ነገራቸው?»

«ማንም። ቀና ብለው አዩት።»